ድርሰት በዩኒቨርሲቲ ይማሩታልን?
የደራሲዋ የፍላነሪ ኦኮነር የሕይወት ታሪክ

ድርሰት የሚማሩት ነገር ነው ወይስ ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወለዱት? ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በምንዘጋጀው ተማሪዎች መካከልም ዘወትር ይነሣል። አንዱ ሕክምና፣ ሌላው ምሕንድስና፣ ሌላው ሕግ እማራለሁ ሲል የሚሰማው ሁሉ መልካም ነው ይላል። ድርሰት መጻፍ እማራለሁ የሚል ቢነሣ ግን ወላጆቹ እንጀራ የማያበላ ነገር ነው ይሉታል። ጓደኞቹም ተሰጥዎ ያለው ሰው አስተማሪ ምን ያደርግለታል፣ የሌለውስ ቢማር ምን ያገኛል ብለው ይከራከሩታል። ይህን ነገር በክርክር ብቻ መፍታት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ ተመርኩዤ ልመረምረው አስቤአለሁ። ይህች ሴት አሜሪካዊቱ ደራሲ ፍላነሪ ኦኮነር ናት። ድርሰትን በዩኒቨርሲቲ ተምራ በዚሁ ትምህርት ዲግሪ የተቀበለች ስለ ሆነች ታሪክዋ ለጥያቄያችን ይስማማል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ፍላነሪ ኦኮነር ማርች 25 ቀን 1925 በአሜሪካ ደቡብ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ሳቫና በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደች። ሙሉ ስምዋ ሜሪ ፍላነሪ ኦኮነር ነበር። አባትዋ ኤድዋርድ ኦኮነር ቤትና መሬት በማሻሻጥ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ እናትዋ ሬጂና ይባላሉ። ለእነርሱም ከእርስዋ በቀር ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ቤተሰቡ ትውልዱ ከአየርላንድ፣ ሃይማኖቱም ካቶሊክ ሲሆን፣ በአካባቢው ያለው ሕዝብ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነበር። ስለዚህ ልጂቱ ከሕፃንነትዋ ጀምራ በአገርዋ ላይ እንደ ባለ አገርም እንደ እንግዳም ሆና ሰውን መመልከት ለመደች። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ወደ ኋላ የምትራመድ ዶሮ ነበረቻትና፣ ፓቴ የሚባለው የዜና ፊልም ድርጅት ሰው ልኮ ዶሮይቱን ከነልጂቱ ፊልም አነሣቸው። ለወፎች የነበራት ፍቅር እስከ ዕለተ ሞትዋ አልተለያትም።

በ1938 ቤተሰቡ የእናትዋ ዘመዶች ወደሚኖሩባት ወደ ሚሌጅቪል ከተማ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ አባትዋ ሉፐስ በሚባል በሽታ ተይዘው ነበር። ይህ በሽታ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ከውጭ የሚመጣውን ጠላት መዋጋት ትቶ የገዛ ሰውነቱን የሚወጋበት ክፉ ደዌ ነው። አባትዋ በ1941 ሲሞቱ ፍላነሪ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚህ በኋላ በዚያችው ከተማ በሚገኘው የጆርጂያ የሴቶች ኮሌጅ ገብታ፣ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናትን ተምራ፣ በሦስት ዓመት ፈጽማ በ1945 ተመረቀች። በኮሌጁ ሳለች ለተማሪዎቹ ጋዜጣ የሚያስቁ ሥዕሎች ትሥል፣ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቱንም ታዘጋጅ ነበር። ሥዕሎችዋን በኒው ዮርክ ለሚታተም አንድ ታላቅ መጽሔት ብትልክም አልተቀበሉላትም። ሆኖም ስኮላርሺፕ አግኝታ የጋዜጠኝነት ትምህርት ለመከታተል በዚያው ዓመት ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄደች።

ታሪክዋን ከመቀጠሌ በፊት ስለ አዮዋ ጥቂት ላስረዳ። አዮዋ በአሜሪካ መካከል የምትገኝ፣ በበቆሎ እርሻዋ የታወቀች ግዛት ናት። የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ በ1922 አንድ አዲስ ውሳኔ አደረገ። ይኸውም ለከፍተኛ ዲግሪ ከሚቀርበው የምርምር ጽሑፍ ፈንታ ተማሪው ራሱ የደረሰውን ልቦለድ ወይም ግጥም ለማቅረብ ይችላል የሚል ነበር። በ1936 ደግሞ የደራስያን ወርክሾፕ የሚባለው ክፍል ተቋቋመ። ፍላነሪ በደረሰችበት ጊዜ ክፍሉን የሚመሩት ገጣሚው ሚስተር ፖል ኤንግል ነበሩ።

ጋዜጠኝነት ልብዋን ስላላረካው ፍላነሪ አንድ ቀን ወደ ሚስተር ኤንግል ቢሮ ገባች። የደቡብ ሰው ንግግር በሌላው አሜሪካዊ ጆሮ እንግዳ ነውና የምትለውን ደጋግማ ብትነግራቸውም ሊገባቸው አልቻለም። በመጨረሻ ወረቀት ሰጥተው ጉዳይዋን እንድትጽፍላቸው ጠየቋት። እርስዋም ጋዜጠኛ እንዳልሆነችና ወደ ደራስያኑ ክፍል ለመግባት እንደምትሻ ጻፈችላቸው። ሚስተር ኤንግል ድርሰቶችዋን አንብበው ወዲያው ተቀበሏት። በአፍዋ ማስረዳት ያልቻለችውን በብዕርዋ ስላስረዳች የደራሲነት ሕይወትዋ ከዚያች ወረቀት ጀመረ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ትምህርቱ የሚሰጥበት ሁኔታ እንደዚህ ነበር። ክፍሎቹ በወንዙ ዳር ከጦርነቱ የተረፉ የቆርቆሮ ባራኮች ነበሩ። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሲሆኑ፣ ከእርስዋ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሞትን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ተማሪ የጻፈው ልቦለድ በክፍሉ ፊት ይነበባል፤ ከዚያም ጓደኞቹና መምህሩ የጎደለውንና የተረፈውን፣ የታመነውንና ያልታመነውን እየለዩ ይነቅፋሉ። ፍላነሪ ከኋላ ተቀምጣ ብዙ ሳትናገር ታዳምጥ ነበር። የእርስዋ ድርሰት ሲደርስ በንግግርዋ ምክንያት ሌላ ሰው ያነብላት ነበር። በዚህ ዓይነት ቃልዋ ከድምፅዋ ተለይቶ፣ በራሱ እግር ቆሞ ሲፈተን ለመስማት ቻለች።

ይህ ሥርዓት ለእኛ አገር ሰው ጨርሶ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ሲማር፣ ቀን ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታም ምሥጢሩ የተበላሸውን ወይም ቤቱ የጎደለውን ያቀኑለታል። እነ ዋሸራና እነ ጎንጅ በዚህ ዓይነት ብዙ ባለ ቅኔዎችን አፍርተዋል። ስለዚህ ድርሰት በመምህር ሊቃና ይችላል የሚለውን አሳብ አሜሪካኖች በዩኒቨርሲቲያቸው ከመሥራታቸው በፊት አባቶቻችን ያውቁት ኖረዋል ማለት ነው። አባቶቻችን ቅኔን ለማስተማር ካላፈሩ፣ ልቦለድን ማስተማር የሚያስቅ ነገር ነው ለማለት ምን ምክንያት አለን?

ፍላነሪ በአዮዋ ያገኘችውን ጥቅም በሦስት መክፈል ይቻላል። አንደኛው ንባብ ነው። እነ ፎክነርን፣ እነ ጆይስንና እነ ካፍካን ያወቀችው ወደ አዮዋ ከሄደች በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ስማቸውን እንኳ አትሰማም ነበር። ሁለተኛው ጊዜና ጉባኤ ነው። መጻፍ ሥራ ፈትነት ሳይሆን ሙሉ ሥራ መሆኑን የሚያምኑ ሰዎች መካከል መቀመጥ ለአንዲት የ20 ዓመት ልጅ ትልቅ ብርታት ነበር። ሦስተኛውና ዋነኛው መልሶ መጻፍን መልመድዋ ነው። አንድ ድርሰት ስለ ተጨረሰ ብቻ አለመፈጸሙን፣ የተጻፈውን ቀድዶ እንደገና መጀመር የደራሲ የዕለት ተግባር መሆኑን በዚያ ተማረች። የመጀመሪያዋ ልቦለድ «ጄራኒየም» በ1946 በአንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ታተመላት። በ1947 ስድስት አጫጭር ልቦለዶች ለመመረቂያ አቅርባ በኪነ ጥበብ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበለች። በዚያው ዓመት ለጀመረችው ረጅም ልቦለድ 750 ዶላር ተሸለመች። ሜሪ የሚለውን ስምዋን ከድርሰቶችዋ ላይ ያነሣችውም በአዮዋ ሳለች ነበር።

ከዚህ በኋላ የደረሰው ነገር ትምህርቱ ባሪያ እንዳላደረጋት ያሳያል። ሽልማቱን የሰጠው የአሳታሚ ድርጅት አዘጋጅ የረጅሙን ልቦለድ ጅምር ምዕራፎች ካዩ በኋላ የተለመደውን መንገድ እንድትከተል ፈለጉ። እርስዋ ግን የመጽሐፍዋ እንግዳነት ጉድለት ሳይሆን ጠባዩ መሆኑን በትሕትና ገልጻ አሳቧን ሳትለውጥ ቀረች፤ በመጨረሻም ወደ ሌላ አሳታሚ ሄደች። ነገር ግን ደራሲዋ ካሮላይን ጎርደን ያንኑ ጽሑፍ አንብበው ብዙ እርማት ሲልኩላት በደስታ ተቀብላ እንደገና ሠራችው። የትኛው ነቀፋ ሥራውን እንደሚያሻሽል፣ የትኛውም እንደሚያጠፋው ለይቶ ማወቅ ትልቅ ጥበብ ነው። ይህም ጥበብ የሚገኘው ብዙ ነቀፋ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው።

ከአዮዋ ወጥታ በ1948 በኒው ዮርክ ግዛት ያዶ በሚባለው የደራስያን ማረፊያ ጥቂት ወራት ተቀመጠች። በ1949 ደግሞ የግሪክን ጥንታዊ ቅኔዎች ወደ እንግሊዝኛ በተረጎሙት በሚስተር ሮበርት ፊትዝጄራልድና በባለቤታቸው በወይዘሮ ሳሊ ቤት፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ ኑሮዋን አደረገች። በየቀኑ ትጽፍ ነበር። የወደፊት ዕድልዋም እጅግ የተቃና ይመስል ነበር።

በ1950 በዲሴምበር ወር ለገና ወደ አገርዋ ስትጓዝ በባቡር ላይ ጠናባት። ሐኪሞች መርምረው አባትዋን የገደለው ሉፐስ መሆኑን አወቁ። እናትዋ ልጂቱ እንዳትደነግጥ ብለው የበሽታውን ስም ደብቀውላት ነበርና፣ እውነቱን የሰማችው በ1952 ከወይዘሮ ሳሊ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 27 ነበር። አባትዋ እንዴት እንደ ሞቱ በዓይንዋ አይታለችና የሚጠብቃትን ለማወቅ የሐኪም ማብራሪያ አላስፈለጋትም። በሰሜን የጀመረችውን ነፃ ኑሮ ትታ ከሚሌጅቪል ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው አንዳሉዥያ በምትባል እርሻ ከእናትዋ ጋር ተቀመጠች።

አንባቢ ሆይ፣ የትምህርት ዋጋ የሚታየው በምረቃ ቀን ሳይሆን በእንዲህ ያለው ቀን ነው። እናትዋ የወተት ላሞችን እርባታ ሲያስተዳድሩ፣ እርስዋ ጠዋት ጠዋት ከጽሕፈት መኪናዋ ፊት ትቀመጥ ነበር። አሳብ ቢመጣም ባይመጣም ያቺን ሰዓት ለሌላ ነገር አትሰጥም። ከቀትር በኋላ ኃይልዋ ያልቅ ስለ ነበር ደብዳቤ ትጽፋለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ ጣዎስ የሚባሉትን ባለ ረጅም ጅራት ወፎችዋንም ትመለከታለች። መድኃኒቱ ዕድሜዋን ቢያራዝምላትም አጥንትዋ እየደከመ ስለ ሄደ ከ1955 ጀምራ በሁለት ክራንች ትሄድ ነበር። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆና «ጥበበኛ ደም» የሚባለውን ረጅም ልቦለድ በ1952፣ «ደግ ሰው አይገኝም» የሚባለውን የአጫጭር ልቦለዶች መጽሐፍ በ1955፣ ርእሱ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደውን ሁለተኛ ረጅም ልቦለድዋን በ1960 አሳተመች። ለምርጥ አጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኦ ሄንሪን አንደኛ ሽልማት ሦስት ጊዜ አገኘች።

የድርሰቶችዋ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ጻድቅ የሚቆጥሩ ገበሬዎች፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጮች፣ ሰባክያንና ወንበዴዎች ናቸው። ትዕቢተኛው በድንገት ይወድቃል፤ በወደቀበትም ጸጋ ይጎበኘዋል። ታሪኮቹ ሲያስቁ ያስፈራሉ። እነዚህን ሰዎች ማንም ዩኒቨርሲቲ አልሰጣትም። ከጆርጂያ ቀይ አፈር፣ ከእርሻው ሠራተኞች ወሬ፣ ከሃይማኖትዋና ከሕመምዋ ያገኘቻቸው ናቸው። እርስዋም ወደ ልዩ ልዩ ኮሌጆች እየተጠራች ንግግር ስታደርግ ይህን አልደበቀችም። ተሰጥዎ በትምህርት ቤት እንደማይታደል፣ ተማሪ ሁሉ ደራሲ መሆን እንደማያስፈልገው፣ መምህሩ ሊያደርግ የሚችለው ያለውን ተሰጥዎ ማረምና ለቃላት የሚገባውን ክብር ማስተማር መሆኑን ትገልጽ ነበር።

ታሪክን የሚጽፍ ሰው መልካሙን ብቻ መርጦ ቢያቀርብ አንባቢውን ያታልላል። ፍላነሪ በልቦለዶችዋ የነጮችን ትዕቢት አጥብቃ ብትነቅፍም፣ በግል ደብዳቤዎችዋ ስለ ጥቁሮች የሚያሳፍሩ ቃላት ጽፋለች። በዚህም ምክንያት በ2020 በሜሪላንድ የሚገኘው የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ በስምዋ ይጠራ ከነበረው የተማሪዎች መኖሪያ ቤት ላይ ስምዋን አነሣ። ትምህርት ብዕርን ቢስልም ልብን በሙሉ እንደማያነጻ ከዚህ እንማራለን። ድርሰት ራሱ ግን አንዳንድ ጊዜ ከደራሲው የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ደራሲው በኑሮው ያላሸነፈውን ክፋት በጽሑፉ ይፈርድበታልና።

የወላጆችም ስጋት ከንቱ እንዳልሆነ ሕይወትዋ ይመሰክራል። መጻሕፍትዋ ሀብታም አላደረጓትም። የኖረችው በእናትዋ እርሻ ሲሆን፣ የሚረዳት ከንግግር የምታገኘው ክፍያና እንደ ፎርድ ፋውንዴሽን ካሉት ድርጅቶች የተሰጣት ገንዘብ ነበር። ድርሰት የሚማር ልጅ ሌላ መተዳደሪያ ሙያ ቢጨምርበት ብልህነት ነው። ነገር ግን ጥቅም በገንዘብ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ከአባቶቻችን መካከል ስለ ቅኔ ብሎ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ባልኖረም ነበር።

በ1964 መጀመሪያ ላይ ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበርና ተኝቶ የነበረው ሉፐስ እንደገና ተነሣባት። ሐኪሞች እንድታርፍ ቢያዟትም በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ወረቀትዋን በትራስዋ ሥር እየደበቀች ትጽፍ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ከሠራቻቸው ልቦለዶች አንዱ «የፍርድ ቀን» ይባላል። ይህ ልቦለድ ከአገሩ ወጥቶ በኒው ዮርክ በልጁ ቤት ስለ ተቀመጠ፣ ወደ ጆርጂያ ለመመለስ ስለሚናፍቅ አንድ ሽማግሌ ይተርካል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ታሪክ በ1946 የታተመው፣ በመመረቂያዋ ውስጥ የነበረው የ«ጄራኒየም» ታሪክ ነው። በ21 ዓመትዋ የጻፈችውን የተማሪ ድርሰት ከ18 ዓመት በኋላ በሞት አፋፍ ላይ ሆና እንደገና ጻፈችው። የመጀመሪያው ሽማግሌ በመስኮት ሆኖ የጎረቤቱን አበባ እያየ ከመተከዝ አልፎ አልሄደም ነበር፤ የኋለኛው ግን ሕያውም ሆነ ሬሳው አገሩ እንዲገባ ቆርጦ ይነሣል። ታሪኩ አንድ ሲሆን ሥራው ሌላ ሆኗል። በአዮዋ የተማረችው መልሶ መጻፍ እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ አብሯት ነበር።

ኦገስት 3 ቀን 1964 በሚሌጅቪል አረፈች። ዕድሜዋ 39 ነበር። በ1965 የመጨረሻዎቹ አጫጭር ልቦለዶችዋ ታተሙ። በ1971 ሁሉም በአንድ ላይ ተሰብስበው ወጡ፤ ቁጥራቸውም 31 ነው። ይህም መጽሐፍ በ1972 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። አዮዋም ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገሮች ደራስያንን ስትቀበል ኖራለች። ከእነዚህም መካከል «አደፍርስ»ን የጻፈው ኢትዮጵያዊው ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ ይገኝበታል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ዩኒቨርሲቲ ለፍላነሪ ኦኮነር ተሰጥዎን አልሰጣትም፤ ተሰጥዎዋን ይዛ ነው የሄደችው። ያለ አዮዋ ደግሞ ያ ተሰጥዎ የት ይደርስ እንደ ነበር ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም። የሚታየው ነገር ግን ይህ ነው። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሚነበበውን፣ የሚነቅፉ ጓደኞችንና የሥራ ልማድን አገኘች፤ በሽታው ሲመጣባትም ልማዱ ከመውደቅ አዳናት። ከዚያ በኋላ የነበራት ዕድሜ 13 ዓመት ብቻ ነበር። ሥራውን በራስዋ ስሕተት ብቻ እየተማረች እንድታገኘው ቢፈረድባት ኖሮ ያ ጊዜ ላይበቃት በቻለ ነበር። የድርሰት ትምህርት ትልቁ ጥቅም ዘመንን መግዛት ነው፤ ብቻውን የሚደክም ሰው በብዙ ዓመት የሚደርስበትን በጉባኤ ውስጥ ቶሎ ያደርሳል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መጻፍ የምንወድ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ እስክንገባ ሳንጠብቅ ከዛሬ ጀምሮ እርስ በርሳችን ጽሑፋችንን እናንብብ፣ ሳንቀያየም እንተራረም። መምህሮቻችንም በቀይ ቀለም ያረሙትን ድርሰት ማርክ ሰጥተው ብቻ እንዳይተዉት፣ እንደገና ጻፉት ብለው እንዲመልሱልን በአክብሮት እንለምናለን። ወላጆቻችንም ልጃቸው ብዕር ቢወድ ሌላ ሙያ እንዲጨምርበት ይምከሩት እንጂ ብዕሩን አይንጠቁት። እግዚአብሔር ለሁላችንም እንደ ተሰጠን መጠን የምንሠራበትን ዕድሜና ትጋት ይስጠን።